የጠገራ ብር መልክና ዘመን፤ በጣና ዳር የብር ጌጦች አመዳደብ ላይ የቀረበ ትችት

በጥንታዊት ፓርቲያ አንድ ንጉሥ የቀዳሚውን ወይም የተቀናቃኙን ብር ሰብስቦ በራሱ ማኅተም ደግሞ ያስመታ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። አዲሱ ማኅተም አሮጌውን ፈጽሞ ሳያጠፋው ሲቀር፣ ከላይኛው መልክ ሥር የታችኛው መልክ ጠርዝ ወይም የስሙ ፊደል ብቅ ይላል። ለታሪክ መርማሪ ይህ ትልቅ ረድኤት ነው፤ ከሁለቱ የትኛው እንደ ቀደመ ብሩ ራሱ ይመሰክራልና። በኢትዮጵያ የብር ገንዘብ ታሪክ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ ይገኛል፤ እዚህ ገበያውን የያዘው በአዲስ ብር ላይ የተመታ አሮጌ መልክ ነው። ይህ ልዩነት ካልታሰበ ሁለት ስሕተቶች ይከተላሉ።

ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ የተባለው ገንዘብ የኦስትሪያዋን እቴጌ የማርያ ቴሬዛን መልክ የያዘ ነው። ክብደቱ 28.0668 ግራም ሲሆን፣ ከሺህ እጅ 833 እጅ ከሲሶው ንጹሕ ብር ነው። እቴጌይቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላ ብሩ ዓመቱ ሳይለወጥ መመታቱን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1867 እና በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ለስንቁና ለጋማ ከብቱ የሚከፍለውን ጠገራ በቪየና አስመታ። እ.ኤ.አ. በ1935 ኢጣልያ ማኅተሙን ከኦስትሪያ ተቀብላ በሮማ ትመታው ጀመር፤ ከዚያም ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምባይ ተከተሉ። በነዚህ ሁሉ ላይ የሚነበበው ዓመት 1780 ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ስሕተት የገበያተኛውን ጠባይ የሚመለከት ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1963 ስለዚህ ብር ያወጡት ጥናት የተጓዦችን ምስክርነት በአንድነት ሰብስቦ ለተመራማሪ መሠረት ጥሏል። ይሁን እንጂ ባለአገሩ የእቴጌይቱን የራስ ጌጥ ዕንቍዎች እየቈጠረ፣ የደረቷን መርፌ ጌጥ እያየ፣ ያረጀውን ብር ሲመልስ የተመለከቱ አንዳንድ ተጓዦች፣ ጥንቃቄውን እንደ ግትርነት ወይም እንደ ሴት መልክ መውደድ አድርገው ጽፈዋል። ይህ ፍርድ የችኰላ ፍርድ ነው። የዘጌን ቡና የሚሸጥ ሰው የብሩን ጥራት የሚፈትንበት መሣሪያ አልነበረውም፤ የነበረው ዓይኑና ጣቱ ነው። ዕንቍው ተለይቶ የሚቈጠር ከሆነ ብሩ በእጅ ብዛት አላለቀም፤ በሐሰተኛ ቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ከሆነ ግን ጥቃቅኑ ምልክት ይደበዝዛል። እንግዲህ ዕንቍ መቍጠር ፈተና እንጂ አጕል እምነት አልነበረም።

በአማርኛ ብረቱም ገንዘቡም በአንድ ስም «ብር» መባላቸው፣ ሕዝቡ የሚመለከተው ብረቱን ብቻ ነው ወደሚል ሐሳብ ሊመራ ይችላል። ይህን ሐሳብ የምኒልክ ብር ያፈርሰዋል። ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ በፓሪስ የተመታው ይህ ብር ክብደቱ 28.075 ግራም፣ ጥራቱም ከሺህ 835 ስለ ነበረ፣ ከጠገራው በምንም አያንስም ነበር። አንበሳውም ጽሑፉም የገዛ አገር ነበረ። ሆኖም ጠገራውን ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም። ኢጣልያ እ.ኤ.አ. በ1891 ለኤርትራ ያስመታችው የንጉሥ ኡምቤርቶ ብር ጥራቱ ከሺህ 800 ብቻ ስለ ነበረ፣ ገበያው ቢጠረጥረው አያስደንቅም። እ.ኤ.አ. በ1918 ደግሞ ማርያ ቴሬዛን የምትመስል ሴት ተቀርጻበት ሌላ ብር ወጣ፤ እርሱም አልተሳካለትም። በመጨረሻ ኢጣልያ ራሷ ወደ 1780 ማኅተም ተመለሰች። በፓርቲያ ንጉሡ መልኩን በገበያው ላይ ጫነ፤ በዚህ ግን ገበያው የመረጠውን መልክ በመንግሥታት ላይ ጫነ።

ሁለተኛው ስሕተት ለታሪክ ጥናት ይልቅ የሚጎዳ ነው። ከዓባይ ማዶ ወይም ከዘጌ የአንገት ጌጥ ተገኝቶ ጠገራ ብር ተንጠልጥሎበት ቢታይ፣ ዓመቱን እንደ ተጻፈ ተቀብሎ ጌጡን በ1780 መመደብ ሁለት ጊዜ መሳሳት ነው። አንደኛ፣ ቍጥሩ የአውሮፓ አቈጣጠር ስለ ሆነ በኢትዮጵያ 1772 ወይም 1773 ዓ.ም. ነው። በምኒልክ ብር ላይ ያለው 1887 ግን የኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ በመካከላቸው 107 ዓመት አለ የሚል ሰው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያጐድላል። ሁለተኛ፣ ብሩ የተመታበት ጊዜ ከዓመቱ ጽሑፍ አይታወቅም። የሚታወቀው ከዕንቍዎቹ ቍጥርና አቀማመጥ፣ ከደረት ጌጡ ቅርጽ፣ ከንስሩ የጅራት ላባዎችና ከነጥቦቹ ነው። በዚህ ምርመራ ከብሮቹ አንዱ የሮማ ሥራ ሆኖ ቢገኝ፣ ጌጡ ዛሬ ባለው አኳኋን የተሰካካው ከ1935 እ.ኤ.አ. በፊት አይደለም። ጌጥ ግን ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ብር ስለሚጨመርበት፣ የኋለኛው ብር የሚናገረው ስለ መጨረሻው አሰካክ እንጂ ስለ ጌጡ መነሻ አይደለም።

ጠገራው ቀልጦ መስቀል፣ አልቦ ወይም ድሪ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በፓርቲያ ብር የታችኛው መልክ ፍለጋውን ይተዋል፤ በአንጥረኛ ወናፍ ፊት ግን የእቴጌይቱም የአንበሳውም መልክ አብሮ ይጠፋል። የብረቱን ጥራት መመርመርም ብዙ አይረዳም፤ በ833 ከሲሶና በ835 መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ጥቂት ነውና፤ አንጥረኛውም ሌላ ብረት ቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የነዚህ ዕቃዎች ዘመን መፈለግ ያለበት በአሠራራቸው፣ በላያቸው ላይ በተጻፈ የስጦታ ቃል ካለ በርሱ፣ በባለቤቶቹም ቃል ነው።

በጣና ደሴቶችና በዳርቻው ባሉ ገዳማት፣ በየቤተ ሰቡም ሣጥን ያለው ብር ተመዝግቦ ያላለቀ ሀብት ነው። የሚመዘግበው ሰው «ጠገራ፣ 1780» ብሎ ብቻ ቢያልፍ፣ የጎንደር ዘመን፣ የመቅደላ ዘመቻና የኢጣልያ ወረራ በአንድ ቍጥር ሥር ተደባልቀው ይቀራሉ። ጌጡ ሲሸጥ ወይም ሲቀልጥ የሚቀረው መዝገቡ ብቻ ስለ ሆነ፣ የብሩ ሁለቱም ገጾችና ጠርዙ በፎቶግራፍ ሊቀረጹ፣ ምልክቶቹም አንድ በአንድ ሊጻፉ ይገባል። የዘጌ ቡና ነጋዴ ብሩን ሳይመረምር አልተቀበለም፤ የታሪክ መርማሪም ከርሱ ባነሰ ጥንቃቄ ሊቀበለው አይገባም።