ከወረታ ወደ ዳገቱ

የፎገራ ሜዳ ለብስክሌት የተሠራ ይመስላል። ከጣና ዳር ጀምሮ በሩዝ ማሳ መካከል የተዘረጋው ይህ ለጥ ያለ ምድር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። እዚህ ብስክሌት የተማረ ሰው ዳገትን ሳያውቅ ብዙ ይነዳል።

ወረታ ላይ ግን መንገዱ ይከፈላል። አንዱ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፤ ሌላው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በአለም በር በኩል ደብረ ታቦር ይወጣል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ብስክሌተኛው ከ40 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ጉዞ 900 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል ማለት ነው።

በዚህ መንገድ ላይ የሚደነቀው ጉልበት ብቻ ሳይሆን ብልሃቱም ነው። ጀማሪ ከግርጌው ተንደርድሮ ይገባና መሀል ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። የለመደው ግን ዳገቱ ሳይጀምር ማርሹን ያቀላል፤ ሰንሰለቱ ከተወጠረ በኋላ ማርሽ ሲቀየር ይንቋቋል፣ አንዳንዴም ይወልቃል። ክርኑን ላላ አድርጎ፣ ከመቀመጫው ሳይነሣ፣ በእኩል ምት ይረግጣል። ኮረት ላይ ቆሞ ቢረግጥ የኋላ ጎማው መሬት ይስታል። መሀል ላይ ከቆመም መኪና አለመኖሩን አይቶ ብስክሌቱን ወደ አግድም ያዞርና እንደገና ይነሣል።

ማርሽ በሌለው ብስክሌት ወርዶ መግፋት ነውር የለውም።

በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፅጋቡ ግርማይም የደጋ ልጅ ነው። የወረታ ጀማሪ የሚፎካከረው ግን ከትናንት ምልክቱ ጋር ነው፦ ትናንት እዚያ ዛፍ ሥር ወርዶ ነበር፤ ዛሬ ዛፉን አልፎ እየረገጠ ነው።