«መድኃኒቱን በአግባቡ አይወስድም»፦ ስለ አንድ የካርድ ላይ ዐረፍተ ነገር

ለረጅም ጊዜ ክትትል የሚመጡ ሕሙማንን ካርድ ያገላበጠ የጤና ባለሙያ ሁሉ አንድ ዐረፍተ ነገር ደጋግሞ ሳያጋጥመው አይቀርም። የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ልኬቱ ከፍ ብሎ ወይም ሕመሙ አገርሽቶበት ሲመጣ «ፑር ኮምፕሊያንስ» ተብሎ ይጻፍለታል፤ በአማርኛ «መድኃኒቱን በአግባቡ አይወስድም» ማለት ነው። ከዚያም ይገሠጻል፣ የመድኃኒቱ መጠን ከፍ ይደረጋል፣ ቀጠሮ ይሰጠዋል። ይህ ዐረፍተ ነገር የምርመራ ውጤት መስሎ ቢጻፍም ምንም አልመረመረም። እንዲያውም ምርመራው ሊጀመር በሚገባው ቦታ ላይ ነገሩን ይዘጋዋል።

ቃሉ የተነሣው ሐኪሙ ያዝዛል፣ ሕመምተኛው ይታዘዛል ከሚል አስተሳሰብ ነው። (እኛም በአማርኛችን መድኃኒት «ማዘዝ» ማለታችን ነገሩን ሳያባብሰው አልቀረም።) በኋላ «አድሂረንስ» የሚል ለዘብ ያለ ቃል ተተክቷል፤ ሆኖም በብዙ ካርዶች ላይ የተለወጠው ቃሉ እንጂ መንፈሱ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሪፖርት፣ በበለጸጉት አገሮች እንኳ የረጅም ጊዜ ሕክምናን በተነገራቸው መሠረት የሚከታተሉት ሕሙማን በአማካይ 50 በመቶ ያህል ብቻ መሆናቸውን ገልጿል። ምክንያቶቹንም በ5 ከፍሏቸዋል፤ እነርሱም ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ሁኔታ፣ የጤና አገልግሎቱና ባለሙያው፣ የሕመሙ ጠባይ፣ የሕክምናው ጠባይ፣ እንዲሁም ሕመምተኛው ራሱ ናቸው። ከ5ቱ አራቱ ከሕመምተኛው ውጭ ናቸው። የእኛ ካርድ የሚያውቀው ግን አምስተኛውን ብቻ ነው።

ኢንሱሊንን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ከመሰጠቱ በፊት ዓይነት 1 ስኳር ሕመም የያዘው ልጅ ብዙም አይቆይም ነበር። ሕይወት የሚያቆየው ይኸው መድኃኒት ግን ያለ ምግብ ሲወሰድ የደም ስኳርን አውርዶ ራስን ያስታል። ከከተማ ርቆ የሚኖር አንድ አርሶ አደር በክረምት፣ ጎተራው በጎደለበት ወቅት፣ ምሳ ማግኘቱን እርግጠኛ ባልሆነበት ጠዋት መርፌውን ዘለለ እንበል። ይህ አለመታዘዝ ነውን? ከዚህ በፊት ማሳው ላይ ወድቆ በሰው ትከሻ ወደ ቤቱ የተወሰደ ሰው ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ ካየው ከደረሰበት የተማረው ነው። የሚሳሳተው መርፌውን ፈጽሞ በመተዉ ነው፤ ዓይነት 1 ያለበት ሰው ባይበላም እንኳ የተወሰነ ኢንሱሊን ያስፈልገዋልና። ይህን አያውቅም፤ የማያውቀውም «ምግብ በሌለ ቀን ምን ያደርጋሉ?» ብሎ የጠየቀው ስለሌለ ነው። ጥያቄው ቢነሣ ኖሮ በዚያን ቀን መጠኑን ምን ያህል መቀነስ እንዳለበትና ላብ ላብ ሲለው፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ ምን መቅመስ እንደሚገባው በጥቂት ደቂቃ ይነገረው ነበር።

ስለ ማስቀመጫውም ተመሳሳይ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጥ እንላለን። ማቀዝቀዣ ለሌለው ሰው ይህ ምክር አይባልም። አንዱን ሸክላ በሌላው ውስጥ አድርጎ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ መሙላት፣ በተለይ አየሩ ደረቅ በሆነበት አካባቢ፣ ሙቀቱን በጥቂት ዲግሪዎች እንደሚቀንስ ግን ይታወቃል። ሸክላ ደግሞ አገራችን አላጣችም።

የምግብ ምክራችን ከዚህም የከፋ ነው። «በመጠኑ ይብሉ» እንላለን፤ ከአንድ ትሪ ለአምስት የሚበላ ሰው መጠኑን በምን ያውቀዋል? ጉርሻ የሚያጎርሰውንስ አማቹን ምን ይበለው? ከውጭ መጻሕፍት የተቀዳው የምግብ ሰንጠረዥ ስለ እንጀራ፣ ስለ ሽሮና ስለ ቆጮ የሚለው ነገር ጥቂት ነው። ጨው እንዲቀንስ የምንመክረው የደም ግፊት ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ወጥ ሠርቶ አያውቅም፤ ወጡን የምትሠራው ሚስቱ ወይም ልጁ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ግቢ ያላት የለም። ጾምም አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ረመዳን 29 ወይም 30 ቀን ነው። ሁለቱም እምነቶች ለሕመምተኛ ፈቃድ ቢሰጡም ብዙዎች በፈቃዱ መጠቀም ያሳፍራቸዋል። ስለዚህ ጉዳዩ መነሣት ያለበት ጾሙ ከመግባቱ በፊት ባለው ቀጠሮ ነው፤ ሕመምተኛው ወድቆ ከመጣ በኋላ አይደለም።

አጠያየቃችንም ሊታይ ይገባዋል። በሰፈራቸው ሁሉ «እርስዎ» የሚባሉ አዛውንት ከክፍላችን ሲገቡ «አንተ» ይሆናሉ። «መድኃኒትህን ትወስዳለህ?» ለሚል ጥያቄ ደግሞ ከ«አዎ» ሌላ መልስ የለውም። «ብዙ ሰው አንዳንድ ቀን ያመልጠዋል፤ ባለፉት 7 ቀናት እርስዎ ስንት ቀን አመለጠዎት?» ቢባል እውነቱ ሊወጣ ይችላል።

ይህ ሁሉ በረጅሙ ሰልፍ መካከል አይቻልም የሚል ባልደረባ ይኖራል። ይሁን እንጂ አድርገነው እናውቃለን። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ መታደል ከጀመረበት እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ቀጠሮ ያለፈው ሰው በመዝገብ ተለይቶ ይፈለግ ነበር፤ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወገኖች ሠልጥነው አዲስ ጀማሪዎችን ይመክሩ ነበር። ፀበልና መድኃኒት የተጋጩ በመሰሉበት ጊዜም ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። ያ ሥራ በውጭ ገንዘብ የተደገፈ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ቀጠሮ ያለፋቸውን የሚለይ መዝገብ የሚጠይቀው ደብተርና ብዕር ነው፤ በዚያው ግቢ ያለው የስኳር ክሊኒክ ግን የጠፋበትን ሰው ስም እንኳ ላያውቅ ይችላል። ሥራው ሁሉ በሐኪም ጫንቃ ላይ ይውደቅ ማለትም አይደለም፤ በጅማና በጎንደር ዙሪያ በሚገኙ የገጠር ጤና ጣቢያዎች ነርሶች ሠልጥነው የስኳርና የሚጥል በሽታ ሕሙማንን ሲከታተሉ ኖረዋል፤ ሕመምተኛውም የቀን ሙሉ መንገድ ቀርቶለታል።

እስከዚያው ካርዱን ማስተካከል በእያንዳንዳችን እጅ ነው። «ፑር ኮምፕሊያንስ» በሚጻፍበት መስመር ላይ የሚከተለው ሊጻፍ ይችላል፦ «ባለፈው ወር 9 ቀን ኢንሱሊን አልወሰዱም። ምክንያት፦ ቀጠሮው ሳይደርስ አለቀባቸው። የሚሰጠው ብልቃጥ እስከ ቀጠሮው አያደርስም፤ በ2 ይታደል። ልጃቸው ለሚቀጥለው ቀጠሮ አብራ ትምጣ።»