ቁጥር የማይነፍግ መሣሪያ

ስፓይሮሜትር ቁጥር አይነፍግም። ታካሚው ፈራ ተባ እያለ ቢነፋ፣ አየሩ በከንፈሩ ዳር ቢያመልጥ፣ በትንፋሽ የሚዞረው ተርባይን ላይ ክር ተጠምጥሞ ቢሰነብት፣ ስክሪኑ ላይ ሁለት ሊትር ከምናምን የሚል ንጹሕ ቁጥር መምጣቱ አይቀርም። ቴርሞሜትር ሲሰበር ይታያል። ይህ መሣሪያ ግን የሚሳሳተውም የሚታመን መስሎ ነው። ሐኪሙ የሚያየው ወረቀቱን ብቻ ስለሆነ፣ ከወረቀቱ በስተጀርባ ያለውን ሁሉ የመጠበቅ ግዴታው በምንለካው በእኛ ላይ ይወድቃል። ይህን ሥራ የምወደውም ለዚህ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰውየው ሳንባውን እስከ አፍ ገደፉ ይሞላል፣ ከዚያ ባለ በሌለ ኃይሉ ይነፋል፤ መሣሪያው የወጣውን አየር መጠንና ፍጥነት ይመዘግባል። ቁም ነገሩ በመጀመሪያዋ ሰከንድ የወጣውን አየር ከጠቅላላው ጋር ማነጻጸር ነው። የአየር ቧንቧን የሚያሰፋው ሳልቡታሞል ከተሳበ በኋላም ንጽጽሩ ከ0.70 በታች ከሆነ አየሩ እንደልቡ አይወጣም ማለት ነው፤ ሲኦፒዲ (የአየር ቧንቧን የሚያጠብ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ) ይጠረጠራል። ጆን ሃቺንሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎችን ለክቶ ውጤቱን በ1846 እ.ኤ.አ. ያሳተመበት መሣሪያ ውኃ ውስጥ የተደፋ ትልቅ በርሜል ነበረው። የዛሬው በጋውን ኪስ ይገባል። መጠኑ ያንሳል እንጂ ያለ ታካሚው ትብብር የማይሠራ መሆኑ አልተለወጠም።

ስህተት የሚገባው ገና ማንም ሳይነፋ ነው። መሣሪያው የትውልድ ቀን ይጠይቃል፤ የሚያውቀው ደግሞ የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው። “በ1958 ነው የተወለድኩት” ያሉ እናት ዓመታቸው እንዳለ ቢገባ በአንድ ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃሉ። በዕድሜያቸው ምክንያት የሚጠበቅባቸው የአየር መጠን ዝቅ ይላል፤ የታመመው ሳንባቸውም ከእውነቱ ይልቅ ጤነኛ መስሎ ይወጣል። ዓመቱን ለማያውቁት “ንጉሡ ሲወርዱ ትዳር ይዘው ነበር?” እያልኩ እየተጠጋሁ እሄዳለሁ። ቁመትም አይጠየቅም፣ ይለካል። ጫማ ይወልቃል፣ ሻሽ ይፈታል፣ ጥምጥምም ፈቃድ ተጠይቆ ይነሳል። ወገባቸው ለጎበጠ አዛውንት ሁለቱን ክንዶች አዘርግቼ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ እለካለሁ። መቀነትን አለመርሳት ነው። ጠበቅ ተደርጎ የታሰረ መቀነት ሳንባ እስከ መጨረሻው እንዳይሞላ ይከለክላል፤ ላላ እንዲያደርጉት ሳልለምን አላስጀምርም። በቅርቡ የልብ ድካም ገጥሟቸው፣ ዓይናቸውን ወይም ሆዳቸውን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው እንደሆነም አስቀድሜ እጠይቃለሁ፤ በኃይል መንፋት ለእነሱ አደጋ አለው።

ከዚያ የሥራው ልብ ይመጣል፣ ማስነፋቱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጭስ በሞላበት ማድ ቤት እንጀራ ሲጋግሩ የኖሩ፣ ሲጋራ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ እናቶች ብዙ ይመጡልኛል። አስተዳደጋቸው በሰው ፊት አፍን ከፍቶ በኃይል መንፋትን አይፈቅድም፤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ ያደርጋሉ። ስለዚህ በሩን እዘጋለሁ፣ በራሴ ማውዝፒስ ፊቴ እስኪቀላ ነፍቼ አሳያቸዋለሁ። “እማማ፣ አሁን እጮህብዎታለሁ፣ እንዳይቀየሙኝ” እላለሁ። አንዷ “ጩኺ ልጄ፣ ምን ቸገረኝ” ብለውኝ ተሳስቀን ጀመርን። መደገፊያ ያለው፣ ጎማ የሌለው ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ አፍንጫቸው በመቆንጠጫ ተይዟል። “ይሳቡ፣ ይሳቡ፣ ይሳቡ… ይንፉ! ይግፉት፣ ይግፉት፣ አለ ገና፣ አለ ገና፣ አይዞዎት፣ ትንሽ ብቻ!” የመጀመሪያው ግራፍ አናቱ ድቡልቡል ነበር፤ አልደፈሩም። ሁለተኛውን ሳል አቋረጠው። በሦስተኛው ትከሻቸው ወደ ፊት እስኪያዘነብል ገፉት፤ ግራፉ ሹል ሆኖ ወጣና እንደ ማጭድ ወደ ውስጥ ጎብጦ ወረደ። የጠበበ የአየር ቧንቧ መልክ ያ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ረክቼ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱ ስለ ሳንባቸው ሳይሆን ስለ ይሉኝታቸው ይናገር ነበር።

ደንቡ የታወቀ ነው። ቢያንስ ሦስት ተቀባይነት ያላቸው ሙከራዎች ያስፈልጋሉ፤ የሁለቱ ምርጦች ልዩነት ከ150 ሚሊ ሊትር መብለጥ የለበትም፤ አዋቂን ከስምንት ጊዜ በላይ አለማድከም ነው። መንፋቱ የሚቆመው ግራፉ ሲተኛ ወይም 15 ሰከንድ ሲሞላ ነው። ደንቡን ከማወቅ በላይ ግን ዓይንን ከስክሪኑ ላይ ማንሳት ያስፈልጋል። እኔ የማየው የታካሚውን ከንፈር፣ ትከሻና ግንባር ነው። ከንፈሩ ማውዝፒሱን ለቀቅ ሲያደርግ፣ ዓይኑ ሲዞር፣ ስክሪኑ አይነግረኝም። ከዚያ ሳልቡታሞል አራት ፓፍ በስፔሰር ይሳባል፤ ስፔሰር ከሌለ የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን በስቶ መጠቀም ይቻላል። 15 ደቂቃ አርፈው እንደገና ይነፋሉ። በሁለተኛው ዙር ወንበሩ ላይ ደክሟቸው ስለሚቀመጡ ከመጀመሪያው የበለጠ ማበረታታት ይፈልጋሉ።

አሁን ስለ መሣሪያው ራሱ። ጠዋት፣ ማንም ታካሚ ሳይገባ፣ ትክክለኛነቱን የምፈትንበትን የሦስት ሊትር ሲሪንጅ ገጥሜ አንዴ በዝግታ፣ አንዴ በመካከለኛ ፍጥነት፣ አንዴ በኃይል እገፋለሁ። በሦስቱም ከ2.91 እስከ 3.09 ሊትር መካከል መውደቅ አለበት። ካልወደቀ መሣሪያውን ከመኮነኔ በፊት መገጣጠሚያውን፣ ፊልተሩንና ተርባይኑን አያለሁ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የላላ መገጣጠሚያ ነው። ሲሪንጁም ተጠርጣሪ ነው፤ በየወሩ አፉን ደፍኜ ገፍቼ ማፍሰስ አለማፍሰሱን እፈትናለሁ። በየሳምንቱ ደግሞ የራሴን ትንፋሽ ለክቼ በደብተር አሰፍራለሁ። የእኔ ሳንባ በአንድ ሳምንት አይለወጥም፤ ቁጥሩ ከተለወጠ የተለወጠው መሣሪያው ነው።

ከፍታና ሙቀት ብዙ ባልደረቦቼ የሚዘሉት ጉዳይ ነው። ከሳንባ የሚወጣ አየር ሞቃትና እርጥብ ነው፤ መሣሪያው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። መሣሪያው የክፍሉን ሙቀትና የአየር ግፊት ተጠቅሞ ወደነበረበት መጠን ያሰላዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ግፊቱ እንደ ባሕር ዳርቻው 760 ሳይሆን 580 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው። የራሱ ባሮሜትር የሌለው መሣሪያ ከፋብሪካ እንደወጣ በባሕር ወለል ልክ ከቆየ ከአንድ በመቶ በላይ ይስታል። ሙቀቱ ይብሳል። ደብረ ብርሃን ላይ በማለዳ ከመኪና አውርደው ወዲያው የሚለኩ አሉ፤ ብርድ የገባው መሣሪያ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ድረስ ከነሲሪንጁ ተቀምጦ መቆየት አለበት። በማግስቱ አዳማ ሲወርዱ ደግሞ ከፍታውን ዳግም ማስተካከል ነው።

ጽዳት ላይ ትጋት ብቻውን መሣሪያ ይገድላል። ተርባይኑን በቧንቧ ውኃ ሥር ይዞ ማጠብ፣ በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍ፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት ክንፏን ያጣምማል። አምራቹ የፈቀደው ፈሳሽ ውስጥ ለተባለው ደቂቃ መንከር፣ በተጣራ ውኃ ማለቅለቅ፣ ቀስ ብሎ ማራገፍ፣ ጥላ ውስጥ አቁሞ ማድረቅ ይበቃል። ሲደርቅ ወደ መስኮት አቅንቼ አየዋለሁ። እኛ አገር የተርባይን ጠላት የጋቢና የነጠላ ጥጥ ነው፤ አንዲት ክር እንዝርቱ ላይ ከተጠመጠመች ክንፏ በቀስታ ትንፋሽ አትነሳም፣ በኃይለኛው ብቻ ትዞራለች። ስለዚህ በሲሪንጅ የዝግታውን ግፊት መዝለል አይገባም። በአልትራሳውንድ የሚሠሩት የሚዞር አካል ስለሌላቸው ከዚህ ይገላገላሉ፤ ከጠዋቱ ፍተሻ ግን አይገላገሉም።

ቲቢ ባለበት አገር ፊልተር የሚቆጠብበት ዕቃ አይደለም። ለአንድ ሰው አንድ ፊልተር፤ መስኮት ክፍት። ሳሉ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሰው አክታው በጂን ኤክስፐርት ሳይታይ ወደ እኔ ክፍል መምጣት የለበትም። የቲቢ መድኃኒት ጨርሰው ድነው ትንፋሽ ያጠራቸው ግን በእርግጥ ይምጡልኝ። “አስም ነው” ተብለው ሳይለኩ ለዓመታት ፓፍ ሲገዙ የኖሩ፣ ሳንባቸው ግን ከቲቢው ጠባሳ የተነሳ የጠበበ ሰዎች አሉ፤ ይህን ለመለየት መለካት ያስፈልጋል።

አንድ ጉዳይ ያሳስበኛል። መሣሪያው ዘር ይጠይቃል። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ከ26 አገሮች የተሰበሰበ የ74,187 ሰዎች ልኬት ላይ የቆመ ነው፤ ምርጫዎቹ ግን ነጭ፣ አፍሪካ አሜሪካዊ፣ የሰሜን ምሥራቅ እስያ፣ የደቡብ ምሥራቅ እስያና “ሌላ” ናቸው። ኢትዮጵያዊው የቱ ጋ ይግባ? “ነጭ” በሚለውና “አፍሪካ አሜሪካዊ” በሚለው መካከል የሚጠበቀው መጠን በ15 በመቶ ገደማ ይለያያል፤ ያው ትንፋሽ በአንዱ በሽታ፣ በሌላው ጤና ይባላል። በ2022 እ.ኤ.አ. ዘር የማይጠይቅ መመዘኛ ወጥቷል፤ የአሜሪካ የደረት ሕክምና ማኅበርም በ2023 እ.ኤ.አ. እንዲሠራበት መክሯል። መሣሪያው ማሻሻያውን የሚቀበል ከሆነ ዛሬውኑ ይጫን። የማይቀበል ከሆነ ክፍሉ አንድ ምርጫ ይያዝ፣ ሁሉም ባለሙያ እሱን ይጠቀም፣ ወረቀቱም ላይ ይጻፍ፤ አለበለዚያ የአንድ ሰው ሳንባ ሰኞና ሐሙስ የተለያየ ይሆናል። ወረቀቱንም ፎቶ ኮፒ ማድረግ ነው፤ በሙቀት የሚታተመው ጥቅልል በወራት ውስጥ ይነጣል፣ ታካሚው በዓመቱ ሲመለስ የምናነጻጽርበት አይኖረንም።

ለጨረታ ዝርዝር የምታዘጋጁ ባልደረቦቼን የምለምነው አለኝ። በእርዳታም ሆነ በግዢ የሚመጣው መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ነው፤ ሲሪንጅ የለውም፣ ፊልተሩ በወር ያልቃል፣ መለዋወጫ ተርባይን የሚባል አይታሰብም። በጀቱ ካልበቃ ከሁለት መሣሪያ አንዱን ትታችሁ በገንዘቡ ሲሪንጅና የዓመት ፊልተር ግዙ። ለየራሳቸው መግዛት ካልተቻለ ደግሞ ሲሪንጁን የአንድ ወረዳ ጤና ጣቢያዎች ቢያንስ በየሳምንቱ እየተቀባበሉ ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ የየጠዋቱን ፍተሻ ግን አይተካም።