30 መስመር የደበቀው አንድ ሕግ

የኮምፒዩተር ክፍል ተማሪዎቻችን ያስረከቡት ሥራ፣ የአማርኛ ስም ተቀብሎ ብዙ ቁጥሩን የሚጽፍ ፕሮግራም ነው። እዚህ ጅቡቲ ከተማ አንድ ኮምፒዩተር ለብዙ ሰው ተራ እየጠበቁ ይህን መሥራታቸው ያስመሰግናቸዋል። «ቤት» ሲሉት «ቤቶች»፣ «ልጅ» ሲሉት «ልጆች» ይላል። ይሁንና ምስጋና ብቻውን አያስተምርምና ጉድለቱንም እንናገር።

ፕሮግራሙ «መጨረሻው ት ከሆነ ቶች፣ ጅ ከሆነ ጆች» እያለ ከ30 በላይ መስመር ይደረድራል። ሁሉም እየተገለበጡ የተለጠፉ ናቸው። ታዲያ የ«ጥ» መስመር ከ«ት» ሲገለበጥ መልሱ ሳይቀየር ቀረና «ለውጥ» «ለውቶች» ሆኖ ወጣ። ከዚያ ሁሉ ተመሳሳይ መስመር መካከል አንዷን ስህተት ዓይን በቀላሉ አያገኛትም።

ዋናው ጉድለት ግን ርዝመቱ አይደለም። መስመሮቹ ሁሉ የሚሉት አንድ ነገር ሆኖ ሳለ ያ ነገር የትም አልተጻፈም፦ ሳድስ ወደ ሳብዕ ይለወጣል፣ «ች» ይጨመራል። ፊደል የቆጠረ ልጅ ይህን ዝምድና በገበታው ላይ ያየዋል። በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባም ዝምድናው ተጠብቋል፤ ለየቤቱ 8 ቦታ ተሰጠ። ሀ 4608፣ ለ 4616፣ ሐ 4624 ነው። ት 4725፣ ቶ 4726፤ ጅ 4869፣ ጆ 4870። ስለዚህ የፊደሉ ቁጥር ለ8 ተካፍሎ 5 ከተረፈ ሳድስ ነው ማለት ነው፤ 1 ደምሩና «ች» ጨምሩ። በቃ! «ሰው»ም በዚሁ ሕግ «ሰዎች» ይሆናል።

ሁሉን በአንድ ሕግ እንጠርንፍ ግን አንልም። ቍ 4685 ነው፤ 4686 ባዶ ቦታ ስለሆነ ሕጉ እዚያ ይሰናከላል። «ተማሪ» በሳድስ አያልቅምና «ዎች» ይፈልጋል። በግዕዝ ሥርዓት የሚበዙት «ሕፃናት» እና «መምህራን» ለብቻቸው በዝርዝር ይቀመጡ። ማዋሐድ የሚገባን ምክንያታቸው አንድ የሆነውን እንጂ መልካቸው የተመሳሰለውን ሁሉ አይደለም።

በስደት ኑሮ ዛሬ ፕሮግራሙን የጻፈው ተማሪ ነገ ሌላ አገር ሊሆን ይችላል። የሚረከበው ልጅ የሚጠይቀው ሰው አያገኝም፤ ያለው የተጻፈው ብቻ ነው። ስለዚህ ተማሪዎች፣ አንድ መስመር ለሦስተኛ ጊዜ ልትለጥፉ ስትሉ ቆም በሉና «እነዚህን የሚያገናኛቸው ምንድን ነው?» በሉ። እኛ መምህራንም ስናርም «አሳጥሩት» ከማለት «ሕጉን ጻፉት» ብንል ይሻላል እንላለን።