«ቴብል» ጠረጴዛ ብቻ ነውን?

አንድን የባዕድ ቃል በአንድ የአማርኛ ቃል ብቻ ፈትቶ ማለፍ በብዙ የኪስ መዝገበ ቃላት የሚታይ ጉድለት ነው። እኛም ይህን ጉድለት በሚገባ የተረዳነው ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር፣ የኢትዮጵያውያን ልጆችን እንግሊዝኛ ስናስጠና ነው። ረቂቅ ሕግ ፓርላማ ውስጥ «ቴብል ተደረገ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰጠን። አንዲት ተማሪ «ረቂቁ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ» ብላ ተረጎመችው። በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝነው።

ለመሆኑ ቃሉ ስንት ትርጉም አለው? ለማነጻጸር ፖርቱጋልኛን እንመልከት። የሚበላበት ዕቃ «ሜዛ» ነው። አኃዝ በረድፍና በዓምድ የሚሰፍርበት «ታቤላ»፣ ልጆች በቃላቸው የሚያጠኑት ማባዣ ደግሞ «ታቡዋዳ» ይባላል። እንግሊዞች «የውሃ ጠረጴዛ» የሚሉት የከርሰ ምድር ውሃ ወለል «ሌንሶል ፍሪያቲኩ» ነው፤ «ሌንሶል» የአልጋ አንሶላ ማለት ነው። አንዱ ጠረጴዛ ባየበት ሌላው አንሶላ አይቷል።

ከሁሉም የሚከፋው ግሱ ነው። በእንግሊዝና በኬንያ አነጋገር ጉዳዩን ለውይይት ማቅረብ ሲሆን፣ ፖርቱጋሎች «አፕረዘንታር» ይሉታል። በአሜሪካኖች ዘንድ ግን ውይይቱን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ማለት ስለሆነ ፍቺው «አዲያር» ይሆናል። አንዱ ቃል ሁለት ተቃራኒ ትርጉም አለው ማለት ነው!

ቫስኮ ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1498 ሞምባሳና ማሊንዲ ከደረሰ በኋላ ስዋሂሊ ከፖርቱጋሎች «ሜዛ»ን ወርሷል። የወረሰው ግን ዕቃውን ብቻ ነው፤ ለአኃዝ መደርደሪያው ከዐረብኛ የመጣውን «ጀድዋሊ» ይጠቀማል። የእኛም ቋንቋ እንዲሁ ነው። «ጠረጴዛ» ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን፣ «ሰንጠረዥ» ቀድሞ የጨዋታ ስም ነበር። ታዲያ አማርኛ ራሱ ለይቶ ያስቀመጠውን እኛ መምህራን ስለምን በአንድ ቃል እንጨፈልቃለን?

ግለ ሂስ ማድረግ ተገቢ ነውና እናድርግ። ልጅቱ የጻፈችው መዝገበ ቃላቱ የነገራትን፣ እኛም ያስተማርናትን ነው። ደግሞም ግሱ የተወለደው ሰነድን በምክር ቤት ጠረጴዛ ላይ ከማኖር ልማድ ስለሆነ፣ ሳታውቀው የቃሉን ሥር ነክታለች። ስለዚህ ግማሽ ማርክ መልሰንላታል።

ባልደረቦቻችን ሆይ፣ ቃልን ከዓረፍተ ነገር ነጥለን አናስጠና። ተማሪው «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቀን፣ አስቀድመን «የት አገኘኸው?» እንበለው።