በገናና የመምህሩ እጅ

የፋብሪካ መኪናና የከባድ ተሽከርካሪ ድምፅ በሚያይልበት በአቃቂ ቃሊቲ፣ ዝግ ያለውን የበገና ድምፅ ማን ያዳምጣል? ጥያቄው የቀልድ አይደለም። የባህል መሣሪያዎቻችን ዕጣ የሚወሰነው በትልልቅ መድረኮች ብቻ ሳይሆን እንዲህ ባለው የሠራተኛ ሰፈርም ጭምር ነውና። የመምህር ዓለሙ አጋ ሕይወትና ሥራ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል።

ዓለሙ አጋ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950 በእንጦጦ ተወለዱ። በ12 ዓመታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ዘንድ በገና መማር ጀመሩ። በዩኒቨርሲቲ ያጠኑት ጂኦግራፊን ቢሆንም፣ ልባቸው ያረፈው በበገናው ላይ ነበር፤ ከ1972 እስከ 1980ም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማሩት።

የአጨዋወታቸው ዋና ባሕርይ ቁጥብነት ነው። በገና አሥር አውታር ቢኖረውም፣ እርሳቸው የሚደረድሩት ስድስቱን ነው። በአውታሩና በበርኩማው መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራ የምትባለው፣ ድምፁን ታስነዝረዋለች። የዘማሪው ድምፅ ከዚህ ንዝረት በላይ አይጮኽም፤ ከንግግርም ብዙ አይርቅም። «አባታችን ሆይ»ን ሲጫወቱ አድማጩን የሚይዘው ትርኢት ሳይሆን የአንድ ሰው ጸሎት ነው።

በደርግ ዘመን በገና የቤተ ክህነትና የመኳንንት መሣሪያ ነው ተብሎ ወደ ጎን ተገፋ። ካህናትና መኳንንት ይደረድሩት እንደ ነበር አይካድም። ነገር ግን የበገና መዝሙር የዓለምን ከንቱነትና የሞትን አይቀሬነት ሲያወሳ፣ ጌታንም ሎሌንም በአንድ ሚዛን ያስቀምጣል። ይህን ቃል ለሠርቶ አደሩ ባዕድ አድርጎ መቁጠር የሂስ ጉድለት ነበር።

የዓለሙ ዜማዎች «ኢትዮፒክስ» በተባለው የሲዲ ተከታታይ 11ኛ ቅጽ ታትመው በውጭው ዓለምም አድማጭ አግኝተዋል። ሆኖም ቅጂ ዜማን እንጂ እጅን አያወርስም። ለዚህ የአየርላንድ ታሪክ ምስክር ነው። በ1792 በቤልፋስት ከተማ ጥቂት የቀሩ ሃርፕ ደርዳሪዎች ሲሰበሰቡ፣ ኤድዋርድ በንቲንግ ዜማዎቻቸውን በኖታ መዘገበ። ዜማው ዳነ፤ በሽቦ አውታር የሚደረደረው ጥንታዊ አጨዋወት ግን ተተኪ አጥቶ ተቋረጠ። ሃርፕ ዛሬ የአየርላንድ መንግሥት ዓርማ ነው፤ ዓርማነት ግን የጠፋውን የጣት ዕውቀት አልመለሰም።

የዓለሙ ትልቁ ሥራም እንግዲህ ከአለቃ ተሰማ የተቀበሉትን ለተማሪ ማሻገራቸው ነው። በአቃቂ ቃሊቲም ሆነ በሌላ ሰፈር የሚቋቋም የኪነት ክበብ፣ በገናን ለጌጥ ከግድግዳ ላይ ከመስቀሉ በፊት አንድ መምህርና ጥቂት ደቀ መዛሙርት ይፈልግለት። የመኪናው ድምፅ ማታ ጋብ ሲል በገና የሚሰማበት ሰዓት አይጠፋም፤ የሚደረድረው እጅ ከሌለ ግን ጸጥታው ባዶውን ይቀራል።