ከድንበሩ ወዲያ ያለው ማስረጃ፦ «የኢትዮጵያ የቋንቋ ቀጠና» ከገዳሪፍ ሲታይ

ኢትዮጵያ ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ የተለየች ናት የሚለው እምነት በብዙ መልክ ሲገለጽ ኖሯል። በታሪክ ዘርፍ የአክሱም ጥንታዊነትና የዓድዋ ድል፣ በሃይማኖት የክብረ ነገሥት ትረካ፣ በባህል ፊደሉና የአሥራ ሦስት ወራት አቆጣጠሩ ይጠቀሳሉ። የቋንቋ ጥናት በዚህ ረገድ ያለው ድርሻ ግን እምብዛም አይነሣም። ቻርልስ ፈርጉሰን በ1970 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ያቀረበው፣ በ1976 ያሻሻለው «የኢትዮጵያ የቋንቋ ቀጠና» የተሰኘ ጽሑፍና ማውሮ ቶስኮ በ2000 የሰጠው ምላሽ የአመለካከቱን ለውጥ በግልጽ ያሳያሉ። ይህ ሐተታ ሁለቱን ከምሥራቅ ሱዳን ጠረፍ አንጻር ይመረምራል። የአንድ አገር ቋንቋዎች ልዩነት የሚፈተነው በድንበሩ ውስጥ በሚለቀም መመሳሰል ብቻ አይደለም፤ ባሕርያቱ ድንበሩ ላይ መቆም አለመቆማቸውም መታየት አለበት። ይህ ፈተና በክርክሩ ውስጥ ተገቢ ቦታውን አላገኘም።

ፈርጉሰን ስምንት የድምፅና አሥራ ስምንት የሰዋስው ባሕርያትን ዘርዝሮ፣ የተለያየ ቤተሰብ ያላቸው የኢትዮጵያ ቋንቋዎች እንደሚጋሯቸው አሳይቷል። እንደ ጠ፣ ቀ እና ጨ ያሉት ፈንጂ ድምፆች፣ ግስን በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ማስቀመጥ፣ ቦዝ አንቀጽን በስፋት መጠቀም፣ እንደ «ዝም አለ» እና «ብድግ አለ» ያሉ ከ«አለ» ጋር የሚጣመሩ ግሶች ከሚጠቀሱት መካከል ናቸው። የጥናቱ ውለታ ቀላል አይደለም። የአገሪቱን ቋንቋዎች በዘር ግንድ ብቻ ለያይቶ ማየት በቂ እንዳልሆነ፣ ተናጋሪዎቻቸው ለረጅም ዘመናት ጎን ለጎን መኖራቸው በሰዋስው ላይ አሻራ እንደተወ አስረድቷል። ዶናልድ ሌቪን በ1974 ባሳተመው መጽሐፉ የአገሪቱን ሕዝቦች በጋራ ባህል ያስተሳሰረበት ሥራም የዚያው ዘመን መንፈስ ውጤት ነው።

ችግሩ ያለው በማዕቀፉ ላይ ነው። ፈርጉሰን የተሳተፈበት የምሥራቅ አፍሪካ የቋንቋ አጠቃቀም ጥናት ያካተተው አምስት አገሮችን ብቻ ነበር፦ ኢትዮጵያን፣ ኬንያን፣ ኡጋንዳን፣ ታንዛኒያንና ዛምቢያን። ሱዳን ከእነዚህ መካከል አልነበረችም። ስለዚህ የቀጠናው ምዕራባዊ ወሰን ከማስረጃው የተገኘ ድምዳሜ ሳይሆን ማስረጃው ከመሰብሰቡ በፊት የተሰመረ መስመር ነው። ኤርትራ በ1993 ነጻ አገር ስትሆን የትግረ፣ የናራና የኩናማ ሰዋስው አልተለወጠም፤ «የኢትዮጵያ» የሚለው ቅጽል ግን በቂ አልሆነም።

ማስረጃው ከገዳሪፍ በኩል ሲታይ ባሕርያቱ በየራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ። ፈንጂ ድምፆች በሱዳን ዐረብኛም ሆነ በምሥራቅ ሱዳን በሚነገረው በጃ ውስጥ የሉም፤ በሁለቱም አገሮች በሚነገረው ጉሙዝ ግን አሉ። ግስን በመጨረሻ ማስቀመጥ የበጃም ባሕርይ ነው። በአስዋን ግድብ ምክንያት በ1964 ወደ ኻሽም ኤል ጊርባ የሰፈሩት ኑቢያውያን ቋንቋም እንዲሁ ነው። «አለ»ን የመሰለ ግስ ከሌላ ቃል ጋር ማጣመርም በጃ ውስጥ ይገኛል። ዳቪድ ኮኸን፣ ማሪ-ክሎድ ሲሜኦን-ሴኔልና ማርቲን ቫንኦቭ በ2002 ይህን ጥምረት የምሥራቅ አፍሪካ ክስተት አድርገው መግለጻቸው ተገቢ ነበር። አንዱ ባሕርይ ከድንበሩ ሳይደርስ ይቆማል፣ ሌላው ተሻግሮ ይዘልቃል፤ ሁሉም በአንድነት የሚቆሙበት መስመር የለም።

ቶስኮ ከዝርዝሩ ብዙው ወይ የቤተሰብ ውርስ ነው፣ ወይም ከኩሽ ቋንቋዎች ወደ ሴም ቋንቋዎች በአንድ አቅጣጫ የተላለፈ ነው ብሎ ቀጠናውን ውድቅ አድርጓል። የውርስና የንክኪ መለየት የግድ ነው፤ በዚህ ረገድ ምላሹ ፈርጉሰንን ይበልጣል። ነገር ግን ተጽዕኖው ባለ አንድ አቅጣጫ መሆኑ ንክኪውን አይሽርም። ማን ከማን ተማረ የሚለው ጥያቄ መልስ ቢያገኝ እንኳ፣ የተማረው እስከ ምን ድረስ ተስፋፋ የሚለው ይቀራል። ይህንን ደግሞ ከጠረፍ በሚሰበሰብ መረጃ እንጂ በቀጠናው መኖርና አለመኖር ላይ በሚደረግ ሙግት መመለስ አይቻልም።

ስለ ፊደል የሚነገረውም ተመሳሳይ ነው። የራሷ ፊደል ያላት ብቸኛ አፍሪካዊት አገር የሚለው አባባል ከመተማ ወዲያ ያለውን ጎረቤት ይዘነጋል። የመርዌ ጽሕፈት፣ ግሪፊዝ ከ1909 እስከ 1911 የድምፅ ዋጋውን የፈታው፣ ምልክቱ አናባቢን አብሮ የሚይዝበትን ሥርዓት የግእዝ ፊደል አናባቢ ምልክት ከማግኘቱ ከዘመናት በፊት ይጠቀም ነበር። ይህ የግእዝን ክብር አይቀንስም፤ ከደቡብ ዐረብ ጽሕፈት የወረሱትን ምልክቶች ወደ ሰባት ቤት ያሳደጉ ሰዎች ሥራ እንደ ሥራ ይደነቃል። የሚወድቀው «ብቸኛ» የሚለው ቃል ነው።

ከ1991 ወዲህ ኦሮምኛ የላቲን ፊደልን ሲይዝ፣ የ1995 ሕገ መንግሥትም ቋንቋዎች ሁሉ እኩል የመንግሥት እውቅና እንዲያገኙ ሲደነግግ፣ አገራዊው ልዩነት ፈተና ገጠመው። የልዩነት እምነት ግን አልጠፋም፤ ተባዛ እንጂ። ቀድሞ ለአገሪቱ ይነገር የነበረው አሁን ለእያንዳንዱ ቋንቋ ሲነገር ይሰማል። ስለዚህ የፈርጉሰን ስሕተት በአነስተኛ ካርታ ላይ ሊደገም ይችላል፤ የክልል ወሰን የአገር ድንበርን ተክቶ ማስረጃን አስቀድሞ ሊቆርጠው ይችላል።

ጠረፉ ለዚህ ዝንባሌ ምላሽ አለው። የሱዳን ዐረብኛ የአማርኛ፣ የትግርኛና የኦሮምኛ ተናጋሪውን «ሐበሽ» ብሎ በአንድ ስም ይጠራል፤ አገር ቤት የተለያየው እዚያ ይጠቃለላል። «ጀበና» የኢትዮጵያ ኩራት መለያ ሆኖ ሲቀርብ፣ ምሥራቅ ሱዳንም ቡናውን በዚሁ ቃል ይጠራል። አፄ ዮሐንስ ፬ኛ በመጋቢት 1889 የወደቁባት መተማ የብሔራዊ ትዝታ ስፍራ ናት። በ2020 ከትግራይ የተሰደዱት በኡም ራኩባ ተጠለሉ፤ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ሱዳናውያን በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ። የእነዚህ ሰዎች ልጆች የሚናገሩትን የሚመዘግብ ጥናት ከሁለቱም አገሮች ማዕቀፍ ውጭ ከቀረ፣ ስለ ቀጠናው የሚነገረው ሁሉ በግማሽ ማስረጃ ላይ ይቆማል። ለዚህ ጥናት ተስማሚው የመነሻ አሃድ አገር ሳይሆን ጠረፉ ነው፤ የትኛው ባሕርይ የማን ነው ከሚለው በፊትም የት ላይ ያቆማል የሚለው መጠየቅ አለበት።